የጤፉ ውል ለምን ባዶ ቀረ? የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትና ጥቅም ተጋሪነት ሲብራራ

«ሆላንዶች ጤፋችንን ሰረቁ» የሚለው ወሬ በየጥቂት ዓመቱ ይነሳል፤ ይበርዳል፤ ደግሞ ይነሳል። እውነቱ ከስርቆት የባሰ ያስቆጫል፤ ጤፉ የወጣው በፊርማና በማኅተም ነው። ኢትዮጵያ በ2005 (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች፣ ከኢትዮጵያ አዋጅና ደንብ ቁጥሮች በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረመች። ውሉ በጊዜው ከነበሩት ሁሉ የላቀ ነው ተብሎ ተወድሷል። አምስት ዓመት ሳይሞላ ግን ኩባንያው ከሰረ፤ አገሪቱ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ገደማና ተጀምሮ የተቋረጠ አነስተኛ የምርምር ሥራ ሆኖ ቀረ።

ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት በሕግ ቋንቋ «አርክቦትና ጥቅም ተጋሪነት» የሚባለውን ሥርዓት ከነክፍተቱ ማየት ይጠይቃል። አርክቦት ማለት የጄኔቲክ ሀብትን፣ ማለትም በዘርና በተክል ውስጥ ያለውን የዘር ውርስ ይዘት፣ ወይም ስለ እሱ ማኅበረሰቡ ያለውን ዕውቀት ለምርምርና ለልማት ማግኘት ነው። ጥቅም ተጋሪነት ደግሞ ከዚያ ከሚገኘው ገንዘብ፣ ቴክኖሎጂና ዕውቀት ለባለቤቱ ድርሻው መመለሱ ነው።

ጤፍ መሸጥ እና ጤፍን መመራመር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጤፍ ገዝቶ ማስፈጨት፣ እንጀራ ጋግሮ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ መሸጥ ንግድ ነው፤ የጥቅም መጋራት ግዴታ አያስከትልም። ግዴታው የሚመጣው አንድ ሰው የዘሩን የጄኔቲክ ወይም የባዮኬሚካል ይዘት መመርመርና ማልማት ሲጀምር ነው፦ አዲስ ዝርያ ማዳቀል፣ ዘረ መሉን ማንበብ፣ ከተክሉ ንጥረ ነገር አውጥቶ መድኃኒት ወይም ቅባት መሥራት። የኢትዮጵያ አዋጅም በቀጥታ ለምግብነት የሚሸጥን ምርት፣ እንዲሁም ገበሬዎች በልማድ እርስ በርስ የሚለዋወጡትን ዘር ከሥልጣኑ ውጭ ያደርጋል።

የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ በ2006 የተጣለው እገዳም ከዚህ ጋር ይደባለቃል። ያ የአገር ውስጥ ዋጋ እንዳይንር የተወሰደ የንግድ እርምጃ ነው፤ ከጄኔቲክ ሀብት ሕግ ጋር ዝምድና የለውም። በተቃራኒው አንድ ተመራማሪ በፖስታ ውስጥ አድርጎ ለውጭ ቤተ ሙከራ የሚልከው አንድ ጭብጥ ዘር፣ ክብደቱ ምንም ሆነ ምን፣ ፈቃድ ይፈልጋል። አዋጁ ለጉምሩክ ሠራተኞችና ለፖስታ አገልግሎት ሳይቀር የመቆጣጠር ግዴታ የሰጠው ለዚህ ነው። ፈቃድ ሳይዝ የወሰደ ሰው ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ የተወሰደው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሀብት ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል።

መስመሩ የተሰመረበት ዓመት

እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዘር «የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቅርስ» ተደርጎ ይታይ ነበር። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ስንዴና ገብስ ሲሰበስብ ማንም ውል አልጠየቀውም። በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሰበሰበው የጌሻ ቡና በታንዛኒያ አድርጎ ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ፓናማ ደረሰ፤ ከ2004 ወዲህ በጨረታ ዋጋው ዓለምን ሲያስደንቅ ለተወለደበት አገር የሚከፈል ነገር የለም። በ1964 እና 1965 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ቡድን ከኢትዮጵያ ጫካዎች የቡና ዘር ሰብስቦ ለተለያዩ አገሮች አከፋፈለ። ብራዚላውያን ተመራማሪዎች በ2004 በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ቡና አገኘን ብለው ያሳወቁት ከዚያ ስብስብ ውስጥ ነበር። ኢትዮጵያ ተቆጣች፤ በሕግ ግን የምትይዘው ነገር አልነበራትም።

ነገሩን የለወጠው በ1992 ሪዮ ላይ የተፈረመውና ታኅሣሥ 29 ቀን 1993 ሥራ ላይ የዋለው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ነው። አንቀጽ 15 አገሮች በጄኔቲክ ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው፣ አርክቦቱን የሚወስነው የየአገሩ ሕግ እንደሆነ ደነገገ። ግን ወደ ኋላ አይሠራም። ከዚያ ቀን በፊት ወጥቶ በውጭ ጂን ባንክ (የዘር ማከማቻ) የተቀመጠ ዘር ከስምምነቱ ውጭ ነው። ስለዚህ «ይህ የኛ ነው» ከማለት በፊት ዘሩ መቼ እንደወጣ መጠየቅ ያሻል፤ አብዛኛው ክርክር የሚሸነፈው በዚች ቀን ነው። አሜሪካም እስከ ዛሬ ስምምነቱን አላጸደቀችም።

በ2010 ጃፓን ናጎያ ላይ የጸደቀውና ጥቅምት 12 ቀን 2014 ሥራ የጀመረው የናጎያ ፕሮቶኮል ይህን ጠቅላላ መብት ወደ አሠራር ለወጠው። ኢትዮጵያ በ2012 አጽድቃዋለች። በእነዚያ ረጅም ድርድሮች የአፍሪካን ወገን ድምፅ በማሰማት ከሚጠቀሱት አንዱ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው፤ የማኅበረሰብ መብት የሚለው ሐሳብ ከአፍሪካ ሞዴል ሕግ (የአፍሪካ አገሮች የራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ እንዲከተሉት ከተዘጋጀው ናሙና) ወደ እኛ አዋጅ የገባውም በዚያ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ ፈቃዱ እንዴት ይወጣል?

ገዢው ሕግ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው፤ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 169/2002። ባለሥልጣኑ አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በአዋጁ መሠረት ጄኔቲክ ሀብቱ የመንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው፤ ዕውቀቱ ደግሞ የማኅበረሰቡ።

አመልካቹ በጽሑፍ ያቀርባል፦ የትኛውን ሀብት፣ ከየት ቦታ፣ በምን ያህል መጠን፣ ለምን ዓላማ፣ በማን እጅ፣ ምርምሩ የት እንደሚካሄድ። የውጭ ሰው ከሆነ ሁለት ነገር ይጨመርበታል። አንደኛው ግዴታውን እንደሚያስከብር የገዛ አገሩ ባለሥልጣን የሚጽፈው ማረጋገጫ ደብዳቤ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሥራው የሚሳተፍ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከኢንስቲትዩቱ በሚመደብ ተቋም በኩል ማካተት ነው። ማመልከቻዎች ብዙ ጊዜ የሚንጠለጠሉት በደብዳቤው ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ የመንግሥት ባለሥልጣንን ማረጋገጫ አይተካም።

ከዚያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይከተላሉ፤ ሰዎች አንድ ያደርጓቸዋል። መጀመሪያ «በቅድሚያ አውቆ የሚሰጥ ስምምነት» አለ፦ ሀብቱን በተመለከተ ኢንስቲትዩቱ፣ ዕውቀት ካለበት ደግሞ ማኅበረሰቡ፣ ምን እንደሚደረግ ተረድቶ «እሺ» ይላል። ማኅበረሰቡ «አይሆንም» የማለት መብት አለው። ቀጥሎ ውሉ ይመጣል፤ ማን ምን ይከፍላል፣ የአእምሮ ንብረቱ የማን ይሆናል፣ ክርክር ቢነሳ የት ይታያል የሚለው የሚጻፍበት። «እሺ» የተባለበት ወረቀት ውል አይደለም፤ ውሉም ያለ «እሺታው» አይጸናም።

ፈቃድ የያዘ ሰው ግዴታው ወረቀቱን ተቀብሎ በመሄድ አያበቃም። የናሙናውን ቅጂ ማስቀመጥ፣ በየጊዜው ሪፖርት ማድረግ፣ ያለ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አለማስተላለፍ፣ በሚያሳትመው ጽሑፍ ናሙናው የተገኘበትን ቦታ መግለጽ አለበት። ዓላማው ከተለወጠ ተመልሶ መጠየቅ አለበት፤ በብዛት የሚጣሰውም ይኸኛው ነው። ለትምህርት ብሎ የወሰደ ተመራማሪ ሦስት ዓመት ቆይቶ የንግድ ሸሪክ ሲያገኝ፣ የመጀመሪያው ፈቃድ ለአዲሱ ሥራ እንደማይበቃ ወይ አያውቀውም ወይ ማወቅ አይፈልግም።

ከሚገኘው የገንዘብ ጥቅም ደግሞ መንግሥት ከተቀበለው ግማሹ፣ 50 በመቶው፣ ለማኅበረሰቦች እንዲሆን አዋጁ ይደነግጋል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ጤፍን ግን ከሸዋ እስከ ትግራይ ሚሊዮኖች ያርሱታል። «ባለቤቱ ማኅበረሰብ» የትኛው ነው? ለአንድ ሸለቆ ብቻ ለታወቀ መድኃኒት ተክል መልስ ይኖራል፤ ለጤፍ በገንዘብ ማከፋፈል ሳይሆን በፈንድ ከመሥራት ሌላ መንገድ ያለ አይመስልም።

የጤፉ ውል ምን ይል ነበር?

ተዋዋዮቹ በኢትዮጵያ በኩል በወቅቱ ስሙ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩት የነበረውና የግብርና ምርምር ድርጅቱ፣ በሌላው በኩል ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል (ኤችፒኤፍአይ) ነበሩ። የውሉ ዘመን አሥር ዓመት። ክፍያዎቹ እነዚህ ነበሩ፦ ከመሠረታዊና ከተረጋገጠ ዘር ሽያጭ የተጣራ ትርፍ 30 በመቶ፤ ጤፍ ለሚዘራበት መሬት በሄክታር 10 ዩሮ፤ እንዲሁም ከኩባንያው የተጣራ ትርፍ 5 በመቶ፣ በዓመት ከ20,000 ዩሮ ሳያንስ፣ ለጤፍ ልማት ወደሚቋቋም ፈንድ። ሠላሳ በመቶ ሲባል ጆሮ ይስባል። እዚያው ግን «የተጣራ ትርፍ» የሚል ቃል ተቀምጧል።

ስሌቱን እንየው። ኩባንያው በዓመት የ100,000 ዩሮ ዘር ቢሸጥና ወጪዬ 100,000 ነው ቢል፣ የዜሮ 30 በመቶ ዜሮ ነው። በዚያው ሽያጭ ላይ 2 በመቶ ብቻ ቢጠየቅ 2,000 ዩሮ ይገባ ነበር፣ ትርፍ ኖረም አልኖረ። ትርፍ የሚወሰነው በኩባንያው ሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሽያጭ ደረሰኝን መደበቅ ግን ይከብዳል። ለጀማሪ ኩባንያ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ኪሳራ ማስመዝገብ ምንም ተንኮል ሳይኖርበትም የተለመደ ነው።

የሄክታሩ ክፍያ የተሻለ ሐሳብ ነበር፤ መሬት ይለካልና። ግን የሚለካው ማን ነው? ገበሬዎቹ ያሉት አውሮፓ ነው፤ ኢትዮጵያ የምታገኘው ቁጥር ኩባንያው የሚነግራትን ብቻ ነው። የ20,000 ዩሮው ወለልም ቢሆን ዋስትና የሌለው ቃል ነበር፤ በባንክ ዋስትና ወይም በቅድሚያ ክፍያ አልታሰረም። ኩባንያው በ2009 ሲከስር ያ ቃል ከሌሎች ዕዳዎች ጋር ወረፋ የሚይዝ ወረቀት ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ቀዳዳ የተዋዋዩ ማንነት ነው። ውሉ የሚያስረው ኤችፒኤፍአይ የተባለውን ድርጅት እንጂ ከጀርባው ያሉትን ሰዎች፣ እኅት ኩባንያዎችን ወይም ወደፊት ንብረቱን የሚረከቡትን አይደለም። ድርጅቱ ሲዘጋ የጤፉ ሥራ በሌሎች ኩባንያዎች ስም ቀጠለ፤ በጤፍ ዱቄት ላይ የተወሰደው ፓተንትም (ፈጠራን ለተወሰነ ዘመን በብቸኝነት የመጠቀም መብት) ወደ ሌላ ድርጅት ተላለፈ። እነዚያ ከኢትዮጵያ ጋር የፈረሙት ነገር አልነበረም።

ፓተንቱ ራሱ ምንድን ነበር?

ውሉ ኩባንያው በጤፍ ጄኔቲክ ሀብት ላይ የአእምሮ ንብረት እንዳይጠይቅ ይከለክል ነበር። ሆኖም የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ፓተንት ጥያቄ ኔዘርላንድስ ውስጥ የገባው በ2003 ነበር፣ ውሉ ከመፈረሙ ሁለት ዓመት ቀድሞ። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት በ2007 ሰጠ፤ ኔዘርላንድስ፣ ጀርመን፣ ብሪታኒያ፣ ጣሊያንና ኦስትሪያ ተሸፈኑ።

ፍሬ ነገሩ «የመውደቂያ ቁጥር» በሚባል የዳቦ ጋጋሪዎች መለኪያ ላይ ያረፈ ነው። ዱቄትና ውኃ ተቀላቅሎ በሙቅ ውኃ ውስጥ ይያዛል፤ አንድ ዘንግ በውስጡ ለመስመጥ የሚፈጅበት ሰኮንድ ይቆጠራል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል እህሉ ውስጥ ስታርች የሚበትነው ኢንዛይም ብዙ ነው፣ ሊጡም ይቀጥናል ማለት ነው። ፓተንቱ ቢያንስ 250 ቁጥር ያለውን የጤፍ ዱቄት የራሱ አደረገ፤ መንገዱም ጤፉን ከአጨዳ በኋላ አቆይቶ መፍጨት ነው። ጤፍ ከተወቃ በኋላ ጎተራ ውስጥ ከርሞ እንደሚፈጭ ለማወቅ ቤተ ሙከራ የሚያስፈልገው ሰው የለም።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፦ ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ውስጥ ብቻ ነው። የአድአን ገበሬ ከማረስ፣ የአዲስ አበባን እናት ከመጋገር የከለከለ የለም። የተዘጋው የአውሮፓ ገበያ በር ነበር፤ ያም በተለይ የጤፍ ውጤት ወደ እነዚያ አገሮች ለመላክ ላሰበ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማን ሻረው? የፓተንቱ ባለቤት አንድ ሌላ የኔዘርላንድስ የጋጋሪ ግብዓት ኩባንያ ጤፍ ሸጠሃል ብሎ ከሰሰ፤ ተከሳሹ ደግሞ ፓተንቱ ራሱ ዋጋ የለውም ሲል ተከራከረ። የሄግ ወረዳ ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 ዘዴው የፈጠራ እርምጃ የለበትም ብሎ የኔዘርላንድሱን ክፍል ውድቅ አደረገ። ይግባኝም አልተጠየቀም። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያ ክርክር ወገን አልነበረም፤ በሩን የከፈተው የንግድ ተፎካካሪ ነው። ዛሬ የፓተንቱ የ20 ዓመት ዕድሜም አልፏል።

ዛሬ ቢሆን ናጎያ ያድነን ነበር?

በከፊል። ናጎያ ያመጣው ትልቁ ነገር ተጠቃሚው አገርም እንዲቆጣጠር ማስገደዱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቁጥር 511/2014 ተመራማሪውም ኩባንያውም ናሙናው በሕጋዊ መንገድ የመጣ መሆኑን እንዲያጣራ፣ ሰነዱንም ሥራው ካበቃ በኋላ ለ20 ዓመት እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። ኢንስቲትዩቱ የሰጠውን ፈቃድ በዓለም አቀፉ የመረጃ መለዋወጫ ቋት ላይ ሲያስገባው ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ይሆናል፤ ስለዚህ ፈቃዱን ሰጥቶ ሳያስመዝግቡ መቅረት ራስን በራስ መጉዳት ነው።

ነገር ግን የአውሮፓ ተቆጣጣሪ የሚጠይቀው «ፈቃድ አለህ? ውል አለህ?» ብሎ ነው። «በውልህ መሠረት ከፍለሃል?» ብሎ አይጠይቅም። ውል ማፍረስ የተዋዋዮቹ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ናጎያ የሚጠይቀው ፍርድ ቤት ክፍት እንዲሆን ብቻ ነው። የጤፉ ኩባንያ ፈቃድም ውልም ነበረው። በዛሬው ሕግም ፍተሻውን ያልፍ ነበር።

እንግዲህ ሸክሙ ያለው ውሉ ላይ ነው። ከጤፉ ልምድ ተነስቶ ረቂቅ የሚያነብ ሰው ክፍያው ከሽያጭ እንጂ ከትርፍ እንዳይታሰብ፣ የመጀመሪያው ክፍያም ናሙናው ከመውጣቱ በፊት እንዲገባ ይጠይቅ። «ኩባንያው» የሚለው ቃል ትርጓሜ እኅት ድርጅቶችን፣ ተተኪዎችንና ፓተንት የሚገዙትን ማካተት አለበት። በሌላ ስም የገባ የፓተንት ማመልከቻ ካለ አመልካቹ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ከመፈረም በፊትም በአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ነፃ የመፈለጊያ ገጽ በተክሉ ስምና በኩባንያው ዳይሬክተሮች ስም መፈለግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በ2005 ይህ ፍለጋ የ2003ቱን ማመልከቻ ወደ ጠረጴዛው ያመጣው ነበር። ሒሳብ የመመርመር መብት፣ የግልግል ዳኝነቱ ቦታና ወጪው የሚሸፈንበት መንገድም ይጻፍ፤ ሄግ ሄዶ ጠበቃ መቅጠር ከሚገኘው ክፍያ ከበለጠ መብቱ በወረቀት ይቀራል።

ሁሉም ሰብል በዚህ መንገድ አይሄድም

በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የዕፅዋት ጄኔቲክ ሀብት ዓለም አቀፍ ስምምነት 64 ሰብሎችንና የመኖ ዓይነቶችን በጋራ ቋት አስገብቷል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሽምብራና ባቄላ እዚያ አሉ፤ ለምርምርና ለማዳቀል በአንድ ወጥ ውል ይተላለፋሉ፣ ድርድር የለም። ከዚያ ዘር የተገኘ ዝርያ ለሌሎች ምርምር ሲዘጋ ክፍያው ከሽያጭ 0.77 በመቶ ነው። ጤፍና ቡና ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ በሁለትዮሽ ድርድር ይሄዳሉ። ለዘር ጠያቂ የሚሰጠው መልስ እንደ ሰብሉ የሚለያየው በዚህ ነው።

በ2024 ደግሞ የዓለም የአእምሮ ንብረት ድርጅት አባላት የፓተንት አመልካች የተጠቀመበትን ጄኔቲክ ሀብት ምንጭ አገር እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ስምምነት አጽድቀዋል። ሥራ ለመጀመር 15 አገሮች ማጽደቅ አለባቸው። ጥርሱ ብዙ አይደለም፦ ማጭበርበር ካልተረጋገጠ በቀር ምንጩን ባለመግለጽ ብቻ ፓተንት አይሻርም። ቢሆንም «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ማመልከቻው ላይ መስፈሩ፣ ጉዳዩን ገና በጠዋቱ የሚያዩ ዓይኖችን ይጠራል።

ዘሩ ሳይንቀሳቀስ ሲወጣ

አሁን ያለው ትልቁ ክፍተት ግን ሌላ ነው። ፀደይ የተባለው የጤፍ ዝርያ ዘረ መል በ2014፣ ዳቢ የተባለው ደግሞ በ2020 ተነብቦ በክፍት መረጃ ቋቶች ላይ ተቀምጧል። ያንን የተነበበ የዘረ መል ቅደም ተከተል በኮምፒውተር አውርዶ የሚሠራ ሰው ከጂን ባንክ ዘር መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ፈቃድም ውልም የሚያዝበት በር አያልፍም።

ለዚህ መልስ ተብሎ በ2024 ካሊ፣ ኮሎምቢያ ላይ የካሊ ፈንድ ተቋቋመ፤ በየካቲት 2025 ሮም ላይ ሥራ ጀመረ። እንዲህ ያለ ዲጂታል መረጃ በሚጠቀሙ ዘርፎች ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 1 በመቶ ወይም ከገቢያቸው 0.1 በመቶ እንዲያስገቡ ይጠበቃል፤ ቢያንስ ግማሹ ለነባር ሕዝቦችና ለአካባቢ ማኅበረሰቦች የታሰበ ነው። «ይጠበቃል» ነው እንጂ «ይገደዳሉ» አይደለም፤ የመጀመሪያው መዋጮ ከአንድ የብሪታኒያ ኩባንያ የመጣ 1,000 ዶላር ነበር። ደግሞም የሚመለከተው ከ20 ሚሊዮን ዶላር ሀብት፣ ከ50 ሚሊዮን ሽያጭና ከ5 ሚሊዮን ትርፍ ሁለቱን የሚያልፍ ኩባንያን ነው። ጤፍ ላይ የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ወደዚያ ቁጥር አይጠጋም።

ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ለተቋሙ የሚቀረው መሣሪያ ፈቃዱ ውስጥ የሚገባ አንድ አንቀጽ ነው፦ ከናሙናው የሚነበብ ቅደም ተከተል ሲታተም የናሙናው ምንጭ አገርና የፈቃዱ ቁጥር አብረው እንዲገቡ፣ ያ መረጃ ለንግድ ሲውልም የውሉ ክፍያ እንዲከተለው። ቋቶቹ ናሙናው የተሰበሰበበትን አገር እንዲሞላ ይጠይቃሉ፤ ለፈቃዱ ቁጥር ግን አስገዳጅ ሳጥን ስለሌለ በማብራሪያው ቦታ በእጅ መጻፍ አለበት፣ እሱም መረጃው ከመጫኑ በፊት።